መጀመሪያ የከሰሉ ቦታ፣ ከዚያ ዛፉ፦ የገና ዝግጅት የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር መጨረሻ፦ ሜትርና ጠመኔ

ዘንድሮ ከካርቶኑ በፊት የወጣው ሜትር ነው። የኮንዶሚኒየም ሳሎናችን 3.5 በ4.5 ሜትር ነው። ሶፋ አለ፣ ቲቪ አለ፣ የምግብ ጠረጴዛ አለ። ሁለት ዓመት ያለፈው ልጃችን አለ። ለበዓል ደግሞ እማዬ ከደብረ ብርሃን ትመጣለች። ገና ሲደርስ በዚሁ ክፍል ውስጥ ዛፍ፣ መብራት፣ ቄጤማ፣ ረከቦት፣ ከሰል፣ ዕጣንና ሻማ ይጨመራሉ።

ስለ ገና ጥንቃቄ ሲወራ አብዛኛው ወሬ ስለ መብራት ገመድ ነው። እሱም ተገቢ ነው፣ እመጣበታለሁ። እኛ ቤት ግን በዓል ያለ ፍም አይሆንም። ቡናው በከሰል ነው፣ ዕጣኑ በፍም ነው። እሳቱን የሚያቀጣጥል ነገር ሁሉ ደግሞ በዚያው ሰሞን ቤት ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ ሥራውን የጀመርኩት ከዚህ ነው፦ መጀመሪያ እሳቱ የት እንደሚቀመጥ ይወሰን፤ ዛፉ በተረፈው ቦታ ይቁም።

ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመርኩ። የቡናው ቦታ በመስኮቱ ሥር ሆነ፤ መስኮቱ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በዚያ በኩል ብቻ ነው። ዛፉ በተቃራኒው ጥግ፣ ቲቪው አጠገብ ሆነ። በመሃላቸው 2 ሜትር ከግማሽ አገኘሁ። ከዚህ በፊት ዛፉ በር አጠገብ ነበር የሚቆመው፣ እንግዳ ሲገባ ቶሎ እንዲያየው። መውጫችን ግን ያ አንድ በር ብቻ ነው፤ መስኮቶቹ የብረት ፍርግርግ አላቸው። በር አጠገብ የቆመ ዛፍ ከተያያዘ ማንም አይወጣም። ይህን ካሰብኩ በኋላ የድሮው ቦታ አላጓጓኝም።

እማዬ በስልክ ስትሰማ ቅር አላት። "ቡና እኮ እንግዳው ፊት ነው የሚፈላው" አለች። ሶፋውን ወደ መስኮቱ አዞርነው። አሁን እንግዳውም ቡናውም ፊት ለፊት ናቸው።

ታኅሣሥ መጀመሪያ፦ ሶኬትና ኤክስቴንሽን

በዛፉ ጥግ ያለው ሶኬት አንድ ነው። ስለዚህ ኤክስቴንሽን ግድ ነው። ያለን ኤክስቴንሽን ነጭ፣ ባለ አምስት ቀዳዳ፣ ከሱቅ በርካሽ የተገዛ ነው። ሳጥኑ ላይ 10 አምፔር ይላል።

ከታች ፎቅ የሚኖሩ ጋሼ አሉ፤ ጡረታ የወጡ ኤሌክትሪሺያን ናቸው። እንዲያዩልኝ ጠየቅኳቸው። "የውሃ ማፍያሽን ሰኪና ውሃው እስኪፈላ ጠብቂ። ከዚያ ነቅለሽ ስፒናውን ንኪው" አሉኝ። ነካሁት። ያቃጥላል። ገመዱም እንደ ሰም ለስልሶ ነበር።

ምክንያቱን አስረዱኝ። ማፍያው 2,000 ዋት ነው። በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 9 አምፔር ይሆናል። ሳጥኑ 10 ቢልም ገመዱ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ 3×0.75 ይላል። 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ የሚችለው ወደ 6 አምፔር ነው። አምፔሩ በእጥፍ ሲጨምር ሙቀቱ በአራት እጥፍ ነው የሚጨምረው። ተጠቅልሎ ወይም ምንጣፍ ሥር ተቀብሮ ከሆነ ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው ይብሳል። ቄጤማም ምንጣፍ ነው። የደረቀ ከሆነ ደግሞ ከምንጣፍ ይከፋል።

ሌላው ችግር ቀዳዳዎቹ ናቸው። የማንኛውንም አገር ስፒና እንዲቀበሉ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ስለዚህ አንዱንም ጥብቅ አድርገው አይዙም። የላላ ሶኬት ይግላል፣ አንዳንዴም ፍንጣሪ ይተፋል። ጋሼ ስፒናውን ወዝወዝ ሲያደርጉት ጥስጥስ የሚል ድምፅ ሰማን። ይህ ድምፅ ከተሰማ ያ ሶኬት አበቃለት ማለት ነው።

አዲስ ገዛሁ፦ 3×1.5፣ 3 ሜትር፣ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው፣ 1,650 ብር። የሚሰካበት ቲቪውና የዛፉ መብራት ብቻ ነው። ማፍያው ወደ ማድ ቤት ግድግዳ ሶኬት ሄደ። ምጣድ በኤክስቴንሽን አይታሰብም፤ እሱ ብቻውን ወደ 3,500 ዋት ይስባል።

ጋሼ የግድግዳውንም ሶኬት ከፈቱት። መጀመሪያ ብሬከሩን አጠፉ፣ ከዚያ በቴስተር አረጋገጡ፣ ከዚያ ነው ካቻቢቴ ያነሱት። የግራውንዱ ሽቦ ተነቅሎ ባዶውን ቆሟል። ማን እንደተወው አይታወቅም። አሰሩት፣ ብሎኖቹንም አጠበቁ። ገንዘብ አልቀበልም ስላሉ የበዓል ዳቦ ይደርሳቸዋል።

የመብራቶቹ ምርመራ

የድሮዎቹን ገመዶች ከካርቶን አወጣሁ። ሳይሰኩ፣ በቀን ብርሃን፣ በጣቴ ከስፒናው እስከ ጫፉ ዳሰስኳቸው። አንዱ በናስትሮ የተቀጠለ ነው። ናስትሮው ደርቆ ተላጧል፣ መዳቡ ይታያል። ሌላው የአምፖሉ መያዣ ተሰንጥቋል። ሁለቱንም ስፒናቸውን በፒንሳ ቆርጬ ጣልኳቸው። ስፒናው ካልተቆረጠ ከቆሻሻው ውስጥ አንዱ ልጅ አንስቶ ቤቱ ይሰካዋል።

በምትካቸው ሁለት ኤልኢዲ ገመድ ገዛሁ፣ እያንዳንዱ 650 ብር። የድሮዎቹ ባለ ክር ትንንሽ አምፖሎች መቶው ወደ 40 ዋት ይበላሉ፤ ያንንም በሙቀት መልክ ነው አብዛኛውን የሚለቁት። መቶ የኤልኢዲ አምፖል ከ10 ዋት አይበልጥም። ለደረቅ ቅጠልና ለወረቀት ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው፤ አምፖሉ ለብ ከማለት አያልፍም።

አሁን ስለ አሜሪካው ገመድ። እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ዓምና በሰው እጅ ቆንጆ ነጭ መብራት ላከችልኝ። ስፒናው ጠፍጣፋ ስለሆነ መቀየሪያ ገዝቶ መሰካት ቀላል ይመስላል። ግን ጫፉ ላይ ያለው ወረቀት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። የእኛ 220 ነው። መቀየሪያው የሚቀይረው የስፒናውን ቅርጽ እንጂ ቮልቴጁን አይደለም። ለ120 የተሠራ ባለ ክር አምፖል 220 ሲሰጠው ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል። ወይ ወዲያው ይቃጠላል፣ ወይ ገመዱን ያቀልጣል። የሰፈራችን ሰው ከውጭ የመጣ ዕቃ ሁሉ ጥሩ ነው ብሎ ያምናል፤ ጥሩ ነው፣ ግን ለዚያ አገር ሶኬት። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ጠየቅኩ። አለ። ግን ራሱ የሚሞቅ ብረት ሳጥን ነው፤ ልጅ ባለበት ቤት ዛፍ ሥር ላስቀምጠው አልፈለግሁም። መብራቱ ወደ ካርቶኑ ተመለሰ።

ታኅሣሥ አጋማሽ፦ ዛፉ

ከመንገድ ዳር የተቆረጠ የፈረንጅ ጥድ በ700 ብር ገዛሁ፣ ቁመቱ ሜትር ተኩል። ባልዲ ውስጥ በአሸዋ ተክዬ አሸዋውን ውሃ አጠጣሁ። ሳምንት ሳይሞላው ቅርንጫፉ ሲታጠፍ ቀጭ ማለት ጀመረ። በእጄ ሳብ ሳደርገው ቅጠሉ መዳፌ ላይ ይቀራል።

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ የተቆረጠ ግንድ ጫፉን በራሱ ሙጫ ይዘጋል። ሳይውል ሳያድር ከታች ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር እንደገና በመጋዝ ተቆርጦ ቀጥታ ውሃ ውስጥ ካልገባ አይጠጣም። እርጥብ አሸዋ አይበቃውም። ሁለተኛ፣ ታኅሣሥ የአዲስ አበባ ደረቅ ወር ነው። ቀኑ ፀሐይ፣ አየሩ እርጥበት የሌለው። ልብስ በግማሽ ቀን የሚደርቅበት አየር ዛፍንም ያደርቃል።

ለእህቴ ስነግራት እነሱም ጋ ችግሩ እንዳለ ነገረችኝ። እዚያ ዛፍ መሸጥ የሚጀምረው በኅዳር አጋማሽ ከታንክስጊቪንግ ማግሥት ነው። ፈረንጁ ታኅሣሥ 16 አክብሮ ያወጣዋል። የእኛ ሰው ግን የእኛን ገና ስለሚጠብቅ ዛፉ ስድስት ሳምንት ቤት ውስጥ ይቆያል፣ ያውም ሂተር በሚነፍስበት ክፍል። እሷ አሁን የምትገዛው በመጨረሻው ሳምንት ነው፤ በየቀኑም ውሃውን ትሞላለች።

የደረቀው ምን ያህል እንደሚያሰጋ በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ግቢ ወርጄ፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ፣ ባልዲ ውሃ አጠገቤ አስቀምጬ ሞከርኩት። ከግቢያችን አጥር ከሕያው ጥድ አንድ ዘንጣፊ፣ ከእኔ ዛፍ አንድ ዘንጣፊ። ሕያው የሆነውን በክብሪት ስለኩሰው ጢስ አወጣ፣ ተንጫጫ፣ ክብሪቱን ሳነሳው ጠፋ። የደረቀው ግን ክብሪቱ ገና ጫፉን ሲነካው ዧ ብሎ ተነሳ። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘይት እየተንጣጣ ነበልባሉ ከዘንጣፊው ቁመት በላይ ሄደ። "ልብስሽን!" ብላ አንዷ ጎረቤቴ ከላይ ጮኸች። እኔም ነጠላዬን አስቀድሜ አውልቄ ስለነበር አልደረሰብኝም። ውሃ ለማንሳት እጄን እስክዘረጋ አልቆ ነበር።

እዚያው እያለሁ ጥጡንም ሞከርኩ። እኛ አገር ዛፍ ላይ በረዶ ተብሎ የሚደረገው የፋርማሲ ጥጥ። አንድ ጭብጥ ዘርጋ አድርጌ ለኮስኩት። እሳቱ በላዩ ላይ ሮጠ፤ ሌላ ቃል የለኝም። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲደርስ ዓይኔ እንኳ በደንብ አልተከተለውም።

የተቆረጠው ዛፍ በዚያው ቀን ወጣ። ጥጡም አይመለስም። ልጅ ሆነን ጥጥ የሌለው ዛፍ ዛፍ አይመስለንም ነበር፤ ቢሆንም አይመለስም።

ቀጥሎ የሞከርኩት ከችግኝ ሻጮች በማሰሮ ያለ ሕያው ጥድ ነው፣ 1 ሜትር ገደማ፣ 1,500 ብር። ሥሩ ስላለ ቶሎ አይደርቅም። አፈሩ ስለሚከብድም በቀላሉ አይወድቅም። ቤት ውስጥ ብዙ መቆየት አይወድም፤ ስለዚህ እስከ በዓሉ ሰሞን በረንዳ ላይ ነው። በክረምት ግቢ ይተከላል። ፕላስቲክ ዛፍ ያላችሁም አትጣሉት፤ ግን ፕላስቲኩ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ ራሱ መርዝ ስለሆነ እሱን ከሻማና ከከሰል ማራቁ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ጌጡ

በጥጡ ፈንታ ፈንዲሻ በክር ሰክቼ ሰቀልኩ። ያምራል። በማግሥቱ ጉንዳን መጣ። ከጉንዳኑ በላይ ያሰጋኝ ልጁ ነው፤ ፈንዲሻ ለትንሽ ልጅ ጉሮሮ አደገኛ ነው። አወረድኩት።

የመስታወት ኳሶቹ ከልጁ ቁመት በላይ ወጡ። ከሥር ያሉት ቅርንጫፎች ላይ እማዬ የላከችው የአክርማ ስፌት፣ ጣት የሚያህሉ ሙዳዮች ተሰቀሉ። ሣር ስለሆኑ አምፖል እንዳይነኩ ጫፍ ጫፍ ላይ አደረግኳቸው። ቀይና አረንጓዴው ከጥዱ ጋር ሲታይ ከየትኛውም የተገዛ ጌጥ ይበልጣል።

በባትሪ የሚሠሩ የሻማ አምፖሎችም አየሁ። ውስጣቸው ያለው ክብ የቁልፍ ባትሪ ነው። ልጅ ከዋጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ሊያቃጥል ይችላል። መክደኛው በብሎን የማይታሰር ከሆነ አይገዛም። ገበያ ላይ ያገኘኋቸው በጥፍር የሚከፈቱ ስለነበሩ ተውኩት።

ማሰሮው በቀጭን ሽቦ ግድግዳው ላይ ካለ ሚስማር ጋር ታሰረ። ሽቦ፣ ሚስማር፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ በድምሩ 250 ብር። ዛፉን ልጁ በሚስብበት አቅጣጫ ሁሉ ሳብኩት። አይወድቅም።

በረንዳው

የበረንዳችን መደገፊያ ብረት ነው። ባለፉት ዓመታት የቤት ውስጥ መብራት ነበር የሚጠመጠምበት። ነፋስ ሲያወዛውዘው የገመዱ ፕላስቲክ በብረቱ ጠርዝ ይፋቃል። ከተፋቀ ደግሞ ብረቱ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ እዚያ ላይ የታጠበ ልብስ ይሰጣል፣ ልጅ ይንጠላጠላል። ከውጭ የሚሰቀል መብራት ካርቶኑ ላይ ቢያንስ አይፒ44 (IP44፣ ከውሃና ከአቧራ የመከላከል ደረጃ) ማለት አለበት። አይፒ20 ለቤት ውስጥ ብቻ ነው። ታኅሣሥ ባይዘንብም የሌሊቱ ጤዛ ገመድ ለማርጠብ ይበቃል።

የሶላር ገመድ በ1,100 ብር ገዛሁ። ቮልቴጁ ትንሽ ነው፣ በመስኮት ክፍተት የሚያልፍ ሽቦ የለውም። በዚህ ፀሐይ ማታ ብዙ ሰዓት ይበራል። መብራት ሲጠፋም አይጠፋም፤ ፎቁ ሁሉ ሲጨልም የእኛ በረንዳ ብቻ ይታያል።

የሙከራ ምሽት

ሁሉንም አብርቼ አንድ ሰዓት ቆየሁ። ስፒናውን፣ ኤክስቴንሽኑን፣ የግድግዳውን ሶኬት ነካካሁ። ቀዝቃዛ ናቸው። ደስ አለኝ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ቦግ አለ። አንዱ ገመድ ላይ ያለው ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ትንሽ ሳጥን ተቃጠለ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ቲቪው ተረፈ። ሱቁ በሌላ ስለቀየረልኝ ተጨማሪ አልከፈልኩም። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ የኤክስቴንሽኑን ስፒና እነቅላለሁ። ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ እጠብቃለሁ። በዓል ሲቃረብ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ስለሚያበራ መሄድ መምጣቱ ይበዛል።

ለጨለማውም ሻማ ሳይሆን ቻርጅ የሚደረግ መብራት ተገዛ፣ 900 ብር። ሻማ የሚበራው ለበዓሉ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ፣ አሸዋ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ተተክሎ፣ ሰው እያየው። መጋረጃዎቹን በማሰሪያ ወደ ኋላ ሰበሰብኳቸው።

በዚሁ ሳምንት 2 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ በ3,600 ብር ገዛን። ከዝርዝሩ ሁሉ ውዱ እሱ ነው። ባለቤቴ ትንሽ አመነታ፤ የጥጡን ነገር ስነግረው ዝም ብሎ ከፈለ። በር አጠገብ ተሰቀለ። ከጎኑ የእሳትና አደጋ ስልክ 939 በትልቁ ተጻፈ።

ዋዜማ

ቄጤማው የገባው በዋዜማው ማታ ነው፣ ትኩስ ሆኖ። በምድጃው ዙሪያ አንድ ሜትር ባዶ ቀረ። ምድጃው የሚቀመጥበት 60 በ60 ሴራሚክ ከግንባታ ትራፊ በ150 ብር አገኘሁ። ፍም ቢወድቅ ሴራሚኩ ላይ ይቀራል።

ከሰሉ ከታች ግቢ ተቀጣጥሎ ይመጣል። ግን አንድ የምንሳሳትበት ነገር አለ። ከሰሉ ጢሱ አልቆ አመድ ሲለብስ ደኅና የሆነ ይመስለናል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ያን ጊዜም ይወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ሲመጣ ሰው ድካም ነው ይላል። በየዓመቱ በብርድ ወራት ከሰል አስገብተው በራቸውን ዘግተው የተኙ ሰዎች ሳይነሱ ቀሩ ሲባል እንሰማለን። ለዚህ ነው የቡናው ቦታ መስኮቱ ሥር የሆነው። ቡና እስኪያልቅ መስኮቱ ክፍት ነው።

ማታ እማዬ ፍሙን ወደ መኝታ ቤት ልትወስደው አነሳችው።

"ብርድ ነው ልጄ፣ ትንሽ ያሙቀኝ።"

"እማዬ፣ ይህ አይገባም።"

"ዕድሜዬን ሙሉ ደብረ ብርሃን ምን ሳደርግ የኖርኩ ይመስልሻል?"

ልክ ናት። ግን የእሷ ቤት በጣሪያውና በግድግዳው መሃል ነፋስ ይገባል፤ በሩም አይገጥምም። ይህ ቤት ሲሚንቶ ነው፣ መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ጋዙ መውጫ የለውም። ይህን ሳስረዳት ትንሽ ዝም አለችና ምድጃውን መልሳ ሰጠችኝ። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቼ በፎጣ ጠቅልዬ እግሯ ሥር አደረግሁላት። ሁለት ጋቢ ደረብኩላት።

ፍሙ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ውሃ ተደርጎበት በረንዳ ላይ አደረ። አመድ ውስጥ የተዳፈነ ፍም በማግሥቱም ሕይወት ይኖረዋል፤ ፌስታል ውስጥ አይጣልም። የዛፉ ስፒናም ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ተነቀለ።

ከገና በኋላ

ቄጤማው በሦስተኛው ቀን ደርቆ ስለነበር ተጠርጎ ወጣ። ለጥምቀት አዲስ ይገባል። ጥዱ ወደ በረንዳ ተመለሰ፤ ከታች ጥቂት ቅጠል ቢጫ ሆኖበታል፣ ሌላው ጤነኛ ነው። ገመዶቹን በካርቶን ቁራጭ ላይ ሳይተጣጠፉ ጠቀለልኳቸው። በየካርቶኑ ላይ ቮልቱንና ዋቱን ጻፍኩ።

ወጪው በድምሩ 11,150 ብር ነው፣ የባከነውን ጥድ ጨምሮ። ኤክስቴንሽኑ፣ ማጥፊያው፣ መብራቶቹና ሴራሚኩ ለከርሞም ያገለግላሉ።

የቀረው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ነው። እዚህ ፈልጌ የሚያስተማምን ስላላገኘሁ እህቴ በሰው እጅ ትልካለች። በባትሪ ብቻ የሚሠራውን እንድትገዛ ነገርኳት፤ የ120 ቮልቱ ችግር አይመለከተውም። ሲደርስ በሳሎኑና በመኝታ ቤቶቹ መሃል ባለው ኮሪደር ላይ ይሰቀላል፣ እማዬ ከምትተኛበት በር ፊት ለፊት። ከጥምቀት በፊት ከደረሰ ቡናው እየፈላ እንሞክረዋለን።